የተዘጋው የማድቤት በር

ቧንቧ ሠራተኛውን ሚስቱና ልጁ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከሆስፒታል ሊወስዱት ተቀጣጥረው ነበር። ማን ይጠብቃል! በጠዋቱ ወጥቶ ብቻውን ወደ ቤቱ ገሰገሰ። የጉሮሮ ካንሰሩን ያጠፋለት የጨረር ሕክምና ጉሮሮውን አጥብቦት፣ ከሾርባ በስተቀር ምንም አልወርድ ብሎት ከርሟል። ትናንት ሐኪሟ በቀጭን ቱቦ ትንሽ ፊኛ አስገብታ ነፋችና የጠበበውን አሰፋችለት።

"ለስላሳ ነገር ብቻ፣ በደንብ እያላመጡ" ብላ ሸኘችው። "ከጠበበም ይመለሱ፣ እንደገና እናሰፋዋለን።"

ቤት ሲደርስ ሳሎኑ ጭር ብሏል፤ የማድቤቱ በር ተዘግቷል። ከታመመ ወዲህ ሚስቱና ሴት ልጁ፣ አምሮት እንዳይገድለው ብለው እዚያ ተደብቀው ነው የሚበሉት። እሱም የሹካውን ድምፅ እየሰማ እንዳልሰማ ይሆናል።

ዛሬ ግን በሩን በርግዶ ገባ። ሚስቱ ጉንጯን እንደሞላች ክው አለች። ልጅቷ ሳህኑን ከኋላዋ ሸሸገች።

"አምጪው!"

"አባዬ፣ ድንች እኮ ነው!"

"እሱኑ አምጪው!"

አንዲት ቁራሽ ቅቅል ድንች አፉ ውስጥ ከተተ። አላመጠ፣ አሁንም አላመጠ። እናትና ልጅ ትንፋሻቸውን ውጠው አንገት አንገቱን ያዩታል። ማንቁርቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ድንቹ ሰተት ብሎ ወረደ!

እሱ ግን ፊቱን አጨማደደ።

"ምነው? ያዘህ እንዴ?" ሚስቱ ወደ ውሃው ተንደረደረች።

"ጨው የለውም!"

ትዳራቸውን ሙሉ በዚህች ቃል ስትጣላው የኖረችው ሴት እልልታዋን አቀለጠችው።