የሰንበቷ አቆስጣ

በዚያ ጥቅምት ደሴታችን ላይ ሰማዩ ተቀዶ ከረመ። የዱር ዝይዎቹ እንኳ ሜዳው ባሕር ሆኖባቸው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተኮልኩለው ነበር። እሑድ ከጎረቤቴ ከኢሽቤል ጋር ከስብከት ስንመለስ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንዲት አቆስጣ፣ ያቺ ጢማም የባሕር እንስሳ፣ ጎርፉን ተከትላ ገብታ ምድጃው ፊት ተጋድማለች። ከሶፋው ትበልጣለች።

ኢሽቤል ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። በማግስቱ ልጇ ካትሪኦና መጥታ ወደ ከተማ ልትወስዳት ነው፤ ሻንጣዋ ታስሯል። መሄዱን ትጠላዋለች። ልጇ «ማን ያይሻል?» ብትላት ግን እሺ አለች።

«እናስወጣት» ብዬ መጥረጊያ አነሳሁ።

«አስቀምጥ!» አለ አብሮን የመጣው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ቶርኪል። እኛ ዘንድ በሰንበት ልብስ አይሰጣም፣ የልጆች ዥዋዥዌ እንኳ ይታሰራል፤ አሳሪው እሱ ነው። «መግፋት ሥራ ነው። ነገ ትገፋታለህ።»

«እስከዚያ ኢሽቤል ከአውሬ ጋር ትደር?»

«ምን አውሬ ትላለህ! የሙሴ ድንኳን የተከደነው በአቆስጣ ቁርበት አይደለም እንዴ?»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? እኛ ስንነታረክ አቆስጣዋ አቃሰተች፤ ነጭ ፀጉር የለበሰ ግልገል ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ።

«ምጥ... በሰንበት...» አለ ቶርኪል።

«ጋሼ ቶርኪል፣ እሷንም ይገሥጿት እንጂ!» አልኩት።

ኢሽቤል መጥረጊያውን ቀማችኝ። «ወንዶች ውጡ! ምጥ ቤት ምን ትሠራላችሁ?»

«ኢሽቤል፣ ማባረርም እኮ ሥራ...» ቶርኪል ሳይጨርስ በሩ ተዘጋ።

ሰኞ ካትሪኦና በዝናቡ በስብሳ ደረሰች። አቆስጣዋን ልንገፋ እኔና ቶርኪል ደጃፉ ላይ ቆመናል።

«እማዬ፣ ነይ በቃ፣ መርከቡ አይጠብቅም።»

«የት ልሂድ? ቤቴ አራስ አለች።»

«አውሬ እኮ ናት!»

«አራስ አራስ ናት። አንቺን ስወልድ እንዲህ ይዘንብ ነበር፤ አባትሽም ባሕር ላይ ነበር። ሰፈሩ ተራ ገብቶ አረሰኝ፤ አንድም ቀን ብቻዬን አላደርኩም። ታዲያ እኔ ጥያት ልሂድ?»

ካትሪኦና እንዲያግዛት ወደ ቶርኪል ዞረች።

«አራስ ጥሎ መሄድ ነውር ነው» አለ ቶርኪል። «ዛሬ ተራው የእኔ ነው።» ገብቶ ሊቀመጥ ሲል አቆስጣዋ ጫማውን ነከሰችው።

ካትሪኦና እናቷን አየች። «አራስነቷ እስከ መቼ ነው?»

«እኔ እስክሞት» አለች ኢሽቤል።

ካትሪኦና ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያም የእናቷን ሻንጣ መፍታት ጀመረች።