ቀፎ ላይ የተደፋው ገሳ

ያምሮት ከባሏ ከወንዳወቅ ጋር ወደ ተወለደችበት መንደር የሄደችው ሐምሌ ውስጥ፣ ወንድሟን ልትጠይቅ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና፣ ከቡሬ በባጃጅ ሄደው የቀረውን ጭቃ ለጭቃ በእግራቸው አዘገሙ። ዝናቡ ሲጀምር ወንዳወቅ ጃንጥላውን ዘረጋ።

«እኛ በልጅነታችን ገሳ ነበር የምንለብሰው» አለችው።

«ገሳ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፊላ ከሚባል የረግረግ ሣር የሚጎነጎን ነው። ከራስህ ላይ ትደፋውና እስከ ባትህ ይሸፍንሃል። እጅህን አያስይዝህም።»

«ምንጣፍ ለብሳችሁ ነዋ የምትሄዱት» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች፤ ግን ቅር አላት። ወንዳወቅ ከተማ ያደገ ሰው ነው፤ ካላየው አይገባውም። ወንድሟ ቤት እንደደረሱ ገሳ ይኖረው እንደሆነ ጠየቀችው። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ላስቲክ አሳያት።

«ፊላ የምናጭድበት ረግረግ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ማን ይጎነጉናል? ምናልባት አያ ክንፈሚካኤል ዘንድ ብትጠይቂ።»

አያ ክንፈሚካኤል የአባቷ ጎረቤት ነበሩ። ሲያዩዋት ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሟት። የመጣችበትን ስትነግራቸው ሁለቱንም ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። አጥሩ ሥር፣ አንድ የንብ ቀፎ ላይ፣ ጠቁሮ የሳሳ ገሳ ተደፍቷል።

«ሰው ሲተወው ለንቦቹ አለበስኳቸው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአባትሽ የእጅ ሥራ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ የመጨረሻው ክረምት ላይ ነው የሰጠኝ» አሏት።

ወንዳወቅ በደንብ ሊያየው ተጠግቶ ጫፉን ነካ። ወዲያው አንዲት ንብ ቅንድቡ ላይ ነደፈችው። ወደ ኋላ ሲሸሽ ጎመኑ መሀል ዘጭ አለ። ያምሮት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባት። አያ ክንፈሚካኤል አላባበሏትም። ነጭ ሽንኩርት ፈልጠው የባሏን ቅንድብ እያሹ እስኪወጣላት ጠበቋት።

«ከፈለግሽው፣ ሲመሻሽ ንቦቹ ሲገቡ አወርድልሻለሁ።»

«ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ይበርዳቸዋል። ይተዉት» አለች።

ወደ ቡሬ ሲመለሱ የወንዳወቅ ዓይን አብጦ ተከድኖ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አባትሽን አላወቅኋቸውም እኮ» አላት። «ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር፣ ስለሳቸው አጫውተሽኝም አታውቂ።»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«ይኸው ጠየቅሁ።»

ከየት እንደምትጀምር ጨነቃት። ከዚያ፣ አባቷ ሲጎነጉን ፊላውን በጥርሱ ይዞ ስለሚያወራ ምን እንዳለ እንደማይለይ፣ እሷና ወንድሟም የገባቸው መስለው «እሺ አባ» ይሉት እንደነበር ነገረችው። ወንዳወቅ በደህናው ዓይኑ እያያት ሳቀ፤ እሷም ሌላ ጨመረችለት። ቡሬ ሲደርሱ የባጃጁ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወሬዋን እስክትጨርስ ውረዱ ሳይላቸው ቆየ።