ማዕዘን ቆራጯ

ያን ቀን ጠዋት ለተማሪዎቼ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን ሳስረዳ አረፈድኩ። "በእንግሊዝኛ የሰው እግር ጎተትክ ማለት ቀለድክበት ማለት ነው፤ በእኛ ግን እግሩን የሚጎትት ሰው ሥራ የጠላ ነው" ብያቸው ስንስቅ ታላቅ እህቴ በሩን ከፍታ ገባች። በሥራ ሰዓት፣ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ መቀሷን ጨብጣ።

"እትዬ፣ ምን ሆንሽ?"

"አባረሩኝ።"

አላለቀሰችም። እህቴ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ያን ቀን ለመስማት ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ።

የምትሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው፣ የሸሚዝ ኮሌታ ክፍል። ኮሌታ በግልባጩ ተሰፍቶ ከመገልበጡ በፊት የጫፉ ትርፍ ጨርቅ በመቀስ ይቆረጣል። ካልተቆረጠ ጫፉ ያብጣል እንጂ አይሾልም። ሴቶቹ ይህን "ማዕዘን መቁረጥ" ይሉታል። ጠዋት ስፌታቸው የተተረተረ ሸሚዞች ከገዢ ተመልሰው መጡና የውጭ አገሩ ሥራ አስኪያጅ እህቴን አስጠራት።

"ምን ብሎ ጠየቀሽ? ቃሉን ሳታጎድይ ንገሪኝ።"

"በቀቀኑ ነው የጠየቀኝ።" በቀቀን የሚሉት አስተርጓሚውን ነው። "'ማዕዘን ትቆርጫለሽ ወይ?' አለኝ። 'አዎ፣ ሁልጊዜ' አልኩት። 'ማን አዘዘሽ?' ሲለኝ 'ማን ያዘኛል? የክፍሉን ልጆችም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ' አልኩት። ይሄን ጊዜ ሰውዬው በርበሬ መሰለ። ውጪ አለኝ።"

ደሜ ፈላ። በእንግሊዝኛ ማዕዘን ቆረጠ ማለት ሥራውን አጓደለ፣ ለይስሙላ ሠራ ማለት ነው። እኛ አለባብሶ ማረስ የምንለው። እህቴ "አለባብሰሽ ትሠሪያለሽ ወይ?" ተብላ ተጠይቃ፣ "አዎ፣ ሌሎቹንም አስተምሬያለሁ" ብላ መልሳለች።

ስነግራት መቀሱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። "ሥራው ይቅር እንበል። ልጆቹስ? ሰውዬው ስፌት ክፍል ድረስ መጥቶ በበቀቀኑ አፍ 'ራሷ አምናለች' ብሎ ነግሯቸዋል። እኔን ቀና ብላ ያየችኝ የለችም።"

ተማሪዎቼን አሰናብቼ፣ መቀሷን አስያዝኳትና አብሬያት ሄድኩ።

አስተርጓሚውን ኮሪደር ላይ አገኘነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። የሆነውን ስነግረው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ያን ጊዜ እንደገባው አወቅሁ።

"መምህር፣ እኔ ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት። ምን አጠፋሁ?"

"ቃል በቃል መተርጎምህ ነዋ ጥፋቱ። ግባና አስተካክለው።"

ወደ ቢሮው በር አየና ድምፁን ቀነሰ። "አሁን ተሳስቼ ነበር ብል እኔም መባረሬ ነው። ልጆች አሉኝ። እሷ ባለ እጅ ናት፣ ሌላ ፋብሪካ አታጣም።"

"በምን ስሜ?" አለች እህቴ።

እውነት ለመናገር ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሥራ ማጣትን የማይፈራ የለም። ግን ሰው የራሱን ፍርሃት በሌላ ጀርባ ሲጭን ማየት ያንገበግባል። አልፌው በሩን አንኳኳሁ።

ለሥራ አስኪያጁ በራሱ ቋንቋ አስረዳሁት። እህቴ ከመደርደሪያው ያልተገለበጠ ኮሌታ አንስታ አንዱን ጫፍ ቆረጠች፣ ሌላውን ተወችው፣ ገልብጣም ሰጠችው። ሰውየው ሁለቱን ጫፎች ዳሰሰ፤ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። ለሚስቱ የሚነግራት ጨዋታ እንዳገኘ ሰው ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ። ስቆ ሲጨርስ ግን እህቴን አየ፤ አለመሳቋን ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው።

"ወደ ሥራዋ ትመለስ" አለ።

ተረጎምኩላት።

"የተባረርኩት በልጆቹ ፊት ነው" አለች። "የምመለሰውም በእነሱ ፊት ነው።"

ስፌት ክፍል ሄድን፤ አስተርጓሚውም ተከተለን። መኪኖቹ ጸጥ አሉ። ሥራ አስኪያጁ መሀል ቆሞ በእንግሊዝኛ ሥራዋ ያለ እንከን እንደሆነ፣ ስህተቱ የትርጉም እንደሆነ ተናገረ፤ ይቅርታም ጠየቃት። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ አስተርጓሚው ዞረ።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። "እህታችን ይቅርታ ተደርጎላታል፤ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ተፈቅዷል።"

ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"ቆይ" አለችው። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ክፍሉ ጸጥ ባይል ማንም አይሰማትም። "አሁን 'ሶሪ' ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው?"

"ያው... አንድ ነው።"

"አንድ አይደለም። ይቺን ታህል እንግሊዝኛ እኔም አላጣም። እግሬ ቢረገጥ 'ሶሪ' የሚለኝ ረጋጩ ነው።"

አንዷ ከመኪናዋ ኋላ "በቀቀን እንኳ የሰማውን ነው የሚለው" አለች። ሳቁ ከጥግ እስከ ጥግ ተዳረሰ። ሥራ አስኪያጁ ምን እንደተባለ ሊረዳ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። እኔ አልተረጎምኩለትም።

አስተርጓሚው ወለሉን አየ። "ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው" አለ። ወደ ልጆቹ ዞረና፣ "እሷ አላጠፋችም። አጣምሜ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።"

"አሁን ገና ተረጎምክ" አለች እህቴ።

ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ልጅ ሳትጠየቅ ያልተገለበጡ ኮሌታዎች ወደ እሷ ገፋችላት። እህቴ መቀሷን አነሳች።

"በሉ ዞር በሉልኝ" አለች፣ እኔንም ጨምራ። "ማዕዘኔን ልቁረጥበት።"