ባዳ ያጨብጭብላት

ሶፋ ሠሪ ነኝ። በወርክሾፔ ውስጥ አንድ ቃል ክልክል ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ መዶሻው ጣቴን ባገኘው ቁጥር ከማንም በፊት የምሳደበው እኔው ነኝ። የተከለከለው «ጃዝ» የሚለው ቃል ነው።

ምክንያቱ ውሻዬ ሻምበል ነው። ቡችላ ሳለ ሌባ እንዲያባርርልኝ ብዬ «ጃዝ!» ሲሉት ዘሎ እንዲይዝ አስተማርኩት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ትምህርት አልገባ አለው። «ተቀመጥ» ስለው ይሄዳል፣ «ና» ስለው ይተኛል። «ጃዝ» ካሉት ግን የቆመ ብስክሌትም ቢሆን አይምርም። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «አጎቴ፣ እዚህ ጃዝ ብንለማመድ ይከፋሃል?» ስትለኝ የሆነውን ከምነግራችሁ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹን ሱሪ ብታዩት ይሻላል። ከኋላው ያለችው አበባማ እራፊ የኔ የሶፋ ጨርቅ ናት፤ የጣፍኩለትም እኔው ነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙዚቃቸውን «ያ ነገር» እንለዋለን። «ዛሬ ያ ነገር አለ?» «ሬዲዮ ላይ ያ ነገር እየተላለፈ ነው፣ ቶሎ ክፈተው።» የማያውቅ ሰው ቢሰማን ፖሊስ ነበር የሚጠራብን።

ልጅቷ ትራምፔት ነፊ ናት። ፊሽካ እንላታለን፤ ስትወለድ ያወጣችው ድምፅ አዋላጇን ስላስደነገጠ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ሱሪው የተጣፈው ረጅሙ ልጅ ቀጭኔ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ባለመነጽር ዶክተር ይባላል፤ የሚማረው ፋርማሲ ቢሆንም እኛ ቀድመን አስመረቅነው። ድራም የምትመታው ደግሞ ዝምታ ናት። በአፏ የማትናገረውን ሁሉ በእጇ ነው የምትናገረው።

እኔ ዘንድ የመጡት ለስፖንጄ ብለው ነው። ስፖንጅ ድምፅ ይውጣል፤ ግድግዳዬ እስከ ጣሪያ ስፖንጅ ስለተደረደረበት ጎረቤት አይጮህም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሰሞን አልወደድኩላቸውም። አራቱ ተጣልተው የሚነታረኩ ነበር የመሰለኝ። እያደር ግን መዶሻዬ ሳላዘው እነሱን መከተል ጀመረ፤ አንድ ቀን ዝምታ ድራሟን አቁማ «ጋሼ፣ ቆንጆ ነው፣ ቀጥሉ» ስትለኝ እንደ ልጃገረድ አፈርኩ።

ሕጉንም ያስረዳችኝ ፊሽካ ናት። አብረው ይጀምራሉ፤ ከዚያ አንዱ በተራው ብቻውን ወጥቶ የልቡን ይናገራል፤ ሲጨርስ ሙዚቃው ሳይቆም ሰው ያጨበጭብለታል።

«መሀል ላይ?» አልኳት። «ሰውን ማቋረጥ አይሆንም?»

«እሱ እኮ ጨርሷል አጎቴ። ሌላው ሲቀበለው ነው የሚጨበጨበው።»

አሁን አባቷን ላስተዋውቃችሁ። እህቴን ያገባው ሰውዬ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ሲገባ ደክሞት ነው፤ እቤት ውስጥ ደግሞ በጎረቤት ምክንያት ትራምፔት አይነፋም። ስለዚህ ወርክሾፔ ብቅ ያለ የሰፈር ሰው ሁሉ የሰማትን ልጅ እሱ አንድም ቀን ሰምቷት አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን በመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ጊታራቸውን አቅፈው የሚያንቀላፉትን ልጆች ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ትኬት ላለመቁረጥ የሚደረድሩትን ሰበብም በቃሉ ይወጣዋል። ልጁ ከእነሱ አንዷ እንዳትሆን ስለፈራ፣ በአውቶቡስ ድርጅቱ ትኬት ቢሮ ሥራ አፈላልጎ አገኘላት። ሥራው በፈረቃ ነው፤ ልምምድ የሚባል ነገር አይታሰብም። ለመጀመር የቀረው የሚቀጥለው ወር መግባት ብቻ ነበር።

ይህ እንዲህ እያለ የከተማው የሙዚቃ ፌስቲቫል ለአዳዲስ ወጣቶች ብቻ የሚሆን መድረክ አዘጋጅቷል ተባለ። ልጆቹ ተመዘገቡ። የምትመርጠው አስተባባሪ ተወዳዳሪዎችን በየሚለማመዱበት እየዞረች ስለምታዳምጥ አንድ ረፋድ ላይ እኔ ዘንድ ደረሰች። ቁመቷ አጭር፣ ቦርሳዋ ትልቅ፣ ቁጭ በይ ቢሏት «ቸኩያለሁ» የምትል ሴት ናት።

«በሉ፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የምትጫወቱት?»

«ያ ነገር ነው» አለ ቀጭኔ፣ በዓይኑ ጥግ ሻምበልን እያየ።

«የቱ ነገር?»

«ያ... አለ አይደል፣ ያ ነገር።»

«ልጆች፣ ጊዜ የለኝም። ብሉዝ ነው? ሮክ ነው?»

«ከብሉዝ ጋር ዘመድ ነው» አለ ዶክተር በሹክሹክታ። «መጨረሻው ላይ እንደሱ ‹ዝ› አለው።»

እኔ ከማዶ እጄን አወናጨፍኩ። ሴትዮዋ ግን ፊቷ በራ።

«ጃዝ ነዋ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሻምበል ተነሳ። የምትቸኩል ሴት እንዴት እንደምትፈጥን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሽፋን ያልለበሰው ሶፋዬ ላይ ወጥታ፣ ከመቀመጫው ወደ መደገፊያው ተሻግራ፣ ቦርሳዋን ከላይ እያወዛወዘች «ያዙልኝ! ያዙልኝ!» ትላለች። ሻምበልን ደግሞ እጅ አይዘውም። እሱን የሚያስተኛው አንድ ነገር ቢኖር የፊሽካ ትራምፔት ነው። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ ነፋች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ውሻው ተኛ። ዘፈኑ ሲያልቅ ተነሳ። ሌላ ጀመሩ፣ ተኛ። እንዲህ እንዲህ እያሉ የሚችሉትን ሁሉ ተጫወቱላት፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔ ገመድ አግኝቼ ያሰርኩት።

ሴትዮዋ ከላይ ሆና ፀጉሯን አስተካከለች። «ተመርጣችኋል» አለች። «አሁን ማን ያውርደኝ?» ፕሮግራሙ ታትሞ ሲመጣ የባንዱ ስም «ያ ነገር» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ወሬውን ይዘን እህቴ ቤት ሄድን። አባትየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ አፉን ጠረገና፦

«ታዲያ ይቺ ሴትዮ ከውሻ ፈርታ እኮ ነው የመረጠቻችሁ» አለ።

ፊሽካ ክው አለች። እኔ ደሜ ፈላ። «ሰው ሁሉ ወዷታል፤ እኔ ወድጃታለሁ፣ እናቷ ወዳታለች፣ ሰፈሩ...»

«አንተ አጎቷ፣ እሷ እናቷ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ዘመድማ እሪ ብትልም ያጨበጭብላታል።» ወደ ልጁ ዞረ። ድምፁ ለስለስ አለ። «ስሚኝ ልጄ። ፌስቲቫሉ ላይ እመጣለሁ፤ ፈረቃ እቀይራለሁ። አንድ ባዳ፣ ማንም ሳይጎሽመው፣ ከልቡ ያጨብጭብልሽ። ያን ካየሁ ትኬት ቢሮው ይቅር፣ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካላየሁ ግን ጥሩንባሽን ሳጥን ውስጥ ታስገቢና ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ። ይስማማሻል?»

አማቼ ያለውን የማያጥፍ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዝም ትለዋለች ወይ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ልጅቷ እጇን ዘርግታ «እሺ አባዬ» ብላ ጨበጠችው። እኔ እዚያ ቤት ሻይ ሳልጠጣ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ስመ ጥሮቹ ማታ በትልቁ መድረክ ነው የሚጫወቱት፤ ወጣቶቹ ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ወንበሩ መሙላቱን ሳይ ደስ አለኝ። ከዚያ ማን እንደሞላው አየሁ። የቀጭኔ አክስቶች፣ የዶክተር አያት፣ የዝምታ ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው። ከፊት ለፊት እህቴ። ከኋላዬ ሶፋ የሠራሁላቸው ደንበኞቼ። በጠቅላላው ሰርግ ነው የሚመስለው።

አማቼ እጁን አጣምሮ አጠገቤ ቁጭ አለ። እኔ ባዳ ፍለጋ አንገቴን አሰገግኩ።

«ያውልህ» አልኩት። «ባርኔጣ ያደረገው።»

«እሱማ ሁልጊዜ ‹ዝርዝር የለኝም› የሚለው ነው። ከገበያው ፌርማታ ነው የሚሳፈረው።»

«እሺ፣ ያቺስ ቢጫ ሻርፕ የለበሰችው?»

«ሆስፒታሉ ጋ ትወርዳለች። ነርስ ናት። ይኸው፣ ሰላም እያለችኝ ነው።»

«ፊሽካን ታውቃታለች?»

«እኔን ታውቀኛለች። ለኔ ስትል ታጨበጭባለች። አይቆጠርም።»

አሁን ገባኝ። ከተማውን ሙሉ ለዓመታት ያመላለሰ ሰው ባዳ ከየት ያገኛል? ልጅቷ ሳትጀምር መሸነፏን አየሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተነስቼ ወንበሩን በእርግጫ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በዚህ መሀል ካርታ የያዙ ሁለት ሰዎች፣ ባልና ሚስት መሰሉኝ፣ መጥተው ዳር ላይ ቆሙ።

«እነሱን አላውቃቸውም» አለ አማቼ፣ ሳልጠይቀው። ፍርዱ የቀና ነው፣ ይህን አልክደውም። እኔም ቀና አልኩ፤ ግን ሰዎቹ ካርታቸውን አጥፈው ከአይስክሬም ሻጩ በየሁለት እጃቸው አይስክሬም ተቀበሉ። አራት እጅ፣ አራት አይስክሬም! ፀሐይዋም እያቀለጠችው በቀኝ በግራ ይልሳሉ። በየትኛው እጃቸው ያጨብጭቡ?

ልጆቹ ወጡ። አስተዋዋቂው «ያ ነገር!» ሲል ሰው ሳቀ። ጀመሩ። ዝምታ ቀስ ብላ ገባች፣ ዶክተር አንገቱን ደፋ፣ ቀጭኔ ብቻውን ተጫውቶ ሲጨርስ እኔ ሕጉን ስለማውቅ ማጨብጨብ ጀመርኩ። እህቴ ዞራ ጉልበቴን መታችኝ።

«አላለቀም እኮ! ምነው ታዋርደናለህ?»

የቀጭኔ አክስቶችም ገላመጡኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወሰኝና ላብ አጠመቀኝ። ሕጉን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለዘመዱም የነገረው የለም። ጨዋ ሰው ሁሉ እስኪያልቅ እጁን ሰብስቦ ሊጠብቅ ነው።

የፊሽካ ተራ ደረሰ። ስትነፋ ዓይኗን ጨፍና ነው። ዝቅ ብላ ጀመረች፣ ለአንድ ሰው ብቻ የምትነግር ያህል፤ ከዚያ እየወጣች፣ እየወጣች ሄደች። አናቱ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተሰነጠቀባት። የማያውቅም ሰው ይሰማዋል፤ የዶክተር አያት «ውይ» አሉ። እኔ ዓይኔን ያዝኩ። ልጅቷ ግን አልሸሸችም። ተመልሳ ያንኑ ስንጥቅ ድምፅ አውቃ ደገመችው፤ ደግሞ ደገመችው፤ ዝምታ ሰማቻትና በድራሟ መለሰችላት፣ ስህተቱም ዜማ ሆኖ አረፈው።

«አየህ?» አለ አማቼ። አጠገቤ መኖሬን የረሳ ይመስላል። የተጣመረው እጁ ተፈትቶ የሌለ መሪ ይዟል። «መታጠፊያው አመለጣት። አየህ? አልቆመችም። በሌላ መንገድ አመጣችው! ተሳፋሪው እንኳን አልነቃ!»

ፊሽካ ጨርሳ ትራምፔቷን ዝቅ አደረገች፤ ቀጭኔ ተቀበላት። እንግዲህ ሰዓቱ ይህ ነው። ዘመድ ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጸጥ ብሏል። ባልና ሚስቱ ይልሳሉ። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ከንፈሯን ነከሰች፤ እኔም ላጨበጭብ እጄን አነሳሁና፣ የኔ ጭብጨባ ምን ሊፈይድላት ብዬ ተውኩት።

አንድ ሰው አጨበጨበ። ብቻውን፣ በሰፊ መዳፍ፣ ረዳት የአውቶቡስ ጎን ሲደበድብ እንደሚሰማው አድርጎ። አማቼ ቆሟል። እህቴ በኮቱ ጎተተችው፣ አልሰማትም። «አላለቀም!» አለችው፤ እሱ ያጨበጭባል። ከዚያ ነርሷ ጀመረች፣ ባለባርኔጣው ቀጠለ፣ ዘመዱም ግራ እየገባው ተከተለ። አማቼ ፊቱን እንዳላየው ወደ ማዶ ሲያዞር አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ሲጨርሱ ፊሽካ ከመድረኩ ዘላ ወረደች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ግንባሯ በላብ ተለጥፏል።

«መሀል ላይ መጀመሪያ ያጨበጨበው ማነው?» አለች። «በትክክሉ ቦታ ነው ያጨበጨበው! ዓይኔን ጨፍኜ አላየሁትም። ባዳ ነው? አባዬ፣ አይተኸዋል? ባዳ ነው?»

እህቴ መሬት መሬት አየች። እኔ እዋሻለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አማቼ ቀደመኝ።

«አዎ፣ ባዳ ነው» አለ።

«የታለ?»

የራሱን ጆሮ ቆንጥጦ ያዘ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሀገር ሁሉ ሲሰማሽ የኔው ነበር የቀረው። እሱ ነው ያጨበጨበልሽ» አላት። «ይቆጠራል፣ ልጄ። ሰኞ እኔ ራሴ ሄጄ ለትኬት ቢሮው ሌላ ሰው ፈልጉ እላቸዋለሁ።»