በወሰንየለሽ ቦታ የተቀመጠው ጆንያ

የወሰንየለሽ ባል ከፈለኝ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ቢፈጥርበት ኖሮ እሷም ባረፈች። ከቱም ከተማ እስከ ሚዛን ተፈሪ ድረስ በክረምት ጭቃ ሞተር ብስክሌት እየነዳ ቡና ሲነግድ የኖረ ሰው ነው።

በሚሌኒየሙ ዓመት ደኑን ከላይ በካሜራ ሊቀርጽ የመጣ አንድ ፈረንጅ፣ ባለ ሸራ ክንፍና ባለ ሦስት ጎማ የሆነች ትንሽ አውሮፕላኑን ከፈለኝ መጋዘን አስቀምጦ፣ እስክመለስ አደራ ብሎት አገሩ ገባ። ሳይማር ለነካት ሰው ገዳይ ናት፣ ትምህርቱም ወራት ይፈጃል ብሎ በአስተርጓሚ አስጠንቅቆት ነበር። ከፈለኝ ግን ከፈረንጁ ጋር ክንፏን በጨርቅ ሲወለውል ሰንብቷልና መወልወሉን እንደ መማር ቆጠረው። መሪ አላት፣ ነዳጅ አላት፣ ሰማይ ደግሞ ጭቃ የለውም ይል ጀመር።

ብቻውን ቢበር ማን ከልክሎት! ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ከኋላዋ ወንበር ወሰንየለሽ ትቀመጥልኝ አለ። ከኋላ ክብደት የሌላት ሞተር ጭቃ ላይ ትንሸራተታለች፤ አውሮፕላንም እንደዚያው መስላው ነበር። ወሰንየለሽ እምቢ አለች። ፈርታለች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም። ጎረቤቷ እትዬ ለተብርሃን ግን ባሏን የማታምን ሴት እያሉ በየደጃፉ አሟት። ሐሜቱ ከፍርሃቱ ቢበልጥባት የበረራው ቀን ነጠላዋን አጥብቃ አሸርጣ መጣች። ወንበሩ አጠገብ ስትደርስ ግን ፊቷን አዙራ ተመለሰች። ከፈለኝ ተናዶ በእሷ ቦታ አንድ ጆንያ ቡና በገመድ ጠፍንጎ አሰረ።

ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላሞቹ ተነዱ፤ ገበያተኛው ከበበ። አውሮፕላኗ እያቃሰተች ሜዳውን ልትጨርስ ስትል ተነሳች። ሕዝቡ እልል ሲል ወሰንየለሽም ሳታስበው አብራ እልል አለች። ወዲያው በሜዳው ጫፍ ለቡና ጥላ የተተወ ትልቅ ዛፍ ፊት ለፊት መጣበት። ከፈለኝም ሞተር ሲያንሸራትተው እንደለመደው መሪውን ወደ ደረቱ ሳበ። በዚያች አውሮፕላን ከፍ የሚባለው መሪው ሲገፋ ነው፤ ሲሳብ አፍንጫዋ ወደ መሬት ይዞራል። ፈረንጁ ይህን ነግሮት ነበር፤ እሱ ያን ጊዜ ክንፏን ይወለውል ነበር። ዛፉ ላይ ተከሰከሰ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ፤ ግራ እግሩ ተሰበረ።

ሆስፒታል ሊጠይቁት የመጡት ሁሉ እንኳን አተረፈህ ካሉት በኋላ ፊታቸውን ወደ ወሰንየለሽ አዞሩ። ጆንያ እንደ ሰው ዘንበል ቀና አይልም፣ እሷ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ አይወድቅም ነበር አሉ እትዬ ለተብርሃን። ከፈለኝም ልክ ናቸው አለ።

ወሰንየለሽ ቤት ሄዳ ቡናው ፈስሶ ያለቀበትን ባዶ ጆንያ አመጣችና አልጋው ላይ ዘረጋችው። የዛፉ ቅርንጫፍ በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላው ወጥቶበታል፤ ቀዳዳው ጭንቅላት ያሾልካል።

«እኔ የምቀመጥበት ይኸ ነበር» አለች።

እትዬ ለተብርሃን አንገታቸውን ደፉ። ከፈለኝ እጁን በቀዳዳው ከትቶ አወጣ። ወሰንየለሽ አንዲት ደግ ቃል ጠበቀች።

«ቡናውስ ተለቀመ?» አላት።