የስለቱ ቁም ሳጥን

ደምለው የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት በር ስፋት ሲለካ መቃኑንም አብሮ ለክቶታል። ስለዚህ ቁም ሳጥኑ አልገባም። አራት ዲያቆናት በቁመቱ ሞከሩት፣ በጎኑም ሞከሩት፣ በመጨረሻ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር አቁመውት ሄዱ። ጉዳዩ ለሰበካ ጉባኤ ተመራ። ጉባኤው ግድግዳው ይፍረስ በሚሉና ቁም ሳጥኑ ይጥበብ በሚሉ ለሁለት ተከፍሎ አጀንዳውን አሳደረው።

ደምለው ደባርቅ ውስጥ አናጺ ነው። ሚስቱ አበባ ስምንት ዓመት ልጅ ሳታገኝ ቆይታ፣ ከፀነስኩ ለመጻሕፍቱ ቁም ሳጥን አስገባለሁ ብላ ተሳለች። ፀነሰች። ደምለውም ከዋንዛ ጣውላ አሳምሮ ሠራው። ለበሮቹ ደግሞ ከካሚል ሱቅ ወርቅ የመሰሉ ሁለት ድቡልቡል እጀታዎች መርጦ ገጠመ። ከዚያ የሚያንሰው ለስለት አይሆንም ብሎ ነው።

መሳለሙን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። በር ተሳልሞ፣ ግድግዳ ተሳልሞ የሚያልፍ ሰው መንገዱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ቆሞ ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። አንዱ ተሳለመ፣ ከኋላው ያለው አየው። በሦስተኛው ሳምንት ከበየዳ ለገበያ የወረደ ገበሬ ሳይቀር በቅሎውን አስሮ፣ ጋቢውን ከአፉ ገለጥ አድርጎ፣ መጀመሪያ የቀኙን ቀጥሎ የግራውን ይሳለም ጀመር። ሰልፉ ሲረዝም አንድ ዲያቆን ሥርዓት እንዲያስይዝ ተመደበ። አበባ ግን ባለስለት ስለሆነች ተራ አትጠብቅም። ጠዋት ጠዋት ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ትሳለማለች።

በስድስተኛው ሳምንት ካሚል ደምለው ሥራ ቦታ በባጃጅ መጣ። ካሚል በእግር አምስት ደቂቃ ለሚወስድ መንገድ ባጃጅ የሚይዝ ሰው አይደለም። ልጁ ኑራ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታጠናለች። ለመመረቂያ ጥናቷ ናሙና ስትፈልግ በነጻ ከሚገኝበት፣ ከአባቷ መደርደሪያ አንድ እጀታ ወሰደች። በወርቃማው ቀለም ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛም ብረቶችን ከተፈቀደው በብዙ እጥፍ አገኘች። ጥናቱ ከፍተኛ ውጤት አግኝቷል። ካሚልም የቀረውን ካርቶን ከሱቁ አውጥቶ የሸጠውን ቤት ለቤት እየዞረ ይሰበስባል።

«እጅን የነካ ታጥቦ ይለቃል አለች» አለ ካሚል። «ክፉው ወደ አፍ ሲገባ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የሚጎዳው ጽንሱን ነው፣ ጭንቅላቱን። እኔማ የቁም ሳጥን እጀታ ማን አፉ ያደርሳል ብዬ ተጽናናሁ።»

ደምለው መላጊያውን አስቀመጠ።

የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ሃብተ ጊዮርጊስ ነገሩን በጥሞና ሰሙት። ቁም ሳጥን መሳለም በየትኛውም መጽሐፍ እንዳልታዘዘ፣ እሳቸውም እንዳላዘዙ አስረዱት።

«እንግዲያው ይከልክሉልኝ፣ አባታችን።»

«ልጄ፣ ያላዘዝኩትን ብከለክል አዝዤ ነበር ማለት አይሆንም?»

እሺ እኔው ልንቀለው ቢላቸው፣ የስለት ዕቃ አንዴ ከገባ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ስለሆነ ያለ ሰበካ ጉባኤ ውሳኔ ብሎኑ አይፈታም አሉት። ገብቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱም ገና ውሳኔ የሚጠብቅ ጉዳይ ነበር።

ራት ላይ ለአበባ ሊነግራት አሰበ። ከአፉ የወጣው ግን መሳለሙን ብትቀንሺ የሚል ነው። ለምን አለችው። ብርዱ ለነፍሰ ጡር አይስማማም አላት። ብርዱ ስምንቱንም ዓመት ነበር ብላ ወጡን ጨመረችለት።

በማግስቱ ቀድሟት ወጣ። የእጀታዎቹ ብሎን የሚፈታው ከውስጥ በኩል ስለሆነ ጭንቅላቱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ካቻቪቴውን ያዞር ጀመር። ጭንቅላቱን ሲያወጣ ሰልፉ ክብ ሠርቶ ከቦታል። ልጁ ሳይወለድ ስለቱን ሊወስድ ነው አለ አንዱ። ከፀነሰችለት ወዲያ ምን ቸገረው አለ ሌላው። ዲያቆኑ ካቻቪቴውን ተቀበለው። አበባም ደርሳ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ደምለው፣ ምን አደረግሁህ?» አለችው በቀስታ።

«መርዝ አለበት» አለ ደምለው። «እጀታው። መርጬ የገዛሁትም የገጠምኩትም እኔ ነኝ። ካንቺም ይልቅ የሚጎዳው እሱን ነው።» በአገጩ ወደ ሆዷ አመለከተ።

ሰዉ በነጠላው ጫፍ ከንፈሩን ጠረገ፤ አንዳንዱ ጠርጎ ሲያበቃ አማተበ። አንዲት እማሆይ ብቻ ቀረብ ብለው፣ ለነፍሰ ጡሯ የቀኙ ይነቀልላት፣ እሳቸው ግን ሰማንያ ስላለፋቸው የግራው እንዲቆይላቸው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ለሰበካ ጉባኤ ተመራ።

አበባ ከደምለው ፊት ፊት እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄደች።

«መሳለም ከጀመርኩ ስንት ቀን ሆነኝ?» አለች በኋላ።

«ሠላሳ ስምንት።»

«አንተ አንድ ቀን እንኳ ስትሳለመው አላየሁህም።»

«እኔ ቁም ሳጥን መሆኑን አውቃለሁ» አለ።

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር።»

ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋ ወደ ጤና ጣቢያው አቀናች። ነርሷ ምን እንደሆነች ስትጠይቃት ቁም ሳጥን ተሳልሜ ነው አለቻት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አንስታ እንደተባለችው ጻፈች። ደምለውም ከኋላ ቆሞ እጀታው ቀለም ውስጥ ስላለው እርሳስ ነገራት። ምርመራው እዚህ የለም፣ ደሙ ጎንደር ይላካል፣ እዚያም ከሌለ ወደ ሌላ፤ እስከዚያው ከዕቃው ራቂ፣ ወተትና ጎመን አብዢ አለቻት። መልሱ መቼ ይመጣል ብላ ብትጠይቃት፣ ስልክሽን አስመዝግቢ አለቻት።

አበባ ክንዷን ሰጠች። ሲያበቃ ከወንበሩ ተነሥታ ደምለውን አስቀመጠችው።

«እኔ እኮ አልተሳለምኩም» አለ።

«በእጅህ ገጥመኸዋል» አለችና የሸሚዙን እጅጌ ራሷ ጠቀለለችለት።