የመምህር ቀለሙ ሽቦ

መምህር ቀለሙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አጣብቆ፣ ጓሮው ውስጥ ያቆመውን ሰው የሚያህል የእንጨት አራት ማዕዘን ቀስ እያለ አዞረው። እንጨቱ ዙሪያውን መቶ ሃያ ዙር ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በስሌቱ መሠረት ዙሩ ከዚያ ካነሰ፣ ከባሕር ማዶ የሚወርድ መብረቅ በሰማይ የሚልከው ፉጨት አይሰማም። ወደ ሞጣ በኩል ሲያዞረው ግን ተሰማ! ቀጭን ሆኖ ጀምሮ እየወፈረ ወረደና ጠፋ።

ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር ነው። ምን ያደርጋል፣ ደስታው ሙሉ አልሆነም።

ግማሹ ሽቦ የቢቸና ስልክ ቤት ንብረት ነበር። ለሞጣው መስመር መጠገኛ መጥቶ ከሰኔ ጀምሮ ሣር በቅሎበት ሲያየው፣ "የተጣለ ነው" ብሎ ራሱን አታለለና ወሰደው። ሽቦው ተፈልጎ ሲታጣ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባውን እንዲያወጣ አውጫጭኝ ተጠራ። ሌባው እስኪጠቆም ድረስ ከሜዳው ንቅንቅ የለም። እሱን የመንግሥት ሠራተኛ ነው ብለው አልጠሩትም። "ድምፁን አንዴ ልስማና እናገራለሁ" እያለ ሦስት ቀን ዋለ። አይ መማር!

"ቤቶች!"

የስልክ ቤቱ ዘበኛ ሚስት ወይዘሮ ይርጋነሽ ነበሩ፤ ሜዳው ላይ ላሉት ባላቸው ስንቅ አድርሰው መመለሳቸው ነው።

"እትዬ ይርጋነሽ፣ ይግቡ።"

"መግባቱስ ይቅር። ጤፋችን ማሳው ላይ እየረገፈ ነው። ሰዉም ሲመረው፣ 'ከዘበኛው ከፋንታ ሌላ ማን ይሆናል' ማለት ጀምሯል።" ዓይናቸው ሽቦው ላይ አረፈ። "ፋንታ ያውቃል እኮ፣ ልጄ። ስትጠመጥመው አይቶሃል።"

ቀለሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አነሣ። "ታዲያ ጋሽ ፋንታ ለምን አልተናገሩም?"

"'አገሩ ሩቅ ነው፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ የለውም፤ እኔ እንኳ ወንድሞች አሉኝ' አለኝ። የዋህ! ይልቅ ፍታውና ሲመሽ እዚያው ሣሩ ውስጥ እንጣለው። ተገኘ ተብሎ ሰዉ ይበተናል።"

ቀለሙ የሽቦውን ጫፍ ፈልጎ መፍታት ጀመረ። ሦስት ዙር ፈታ። ተገኘ ቢባልስ? ጋሽ ፋንታ ደንግጠው መለሱት ይባላል እንጂ ማን ያምናቸዋል? ዕድሜ ልካቸውን ሌባ ተብለው ሊኖሩ ነው። ሀፍረት ፊቱን አቃጠለው።

የፈታውን መልሶ ጠመጠመና እንጨቱን ከነሽቦው አንሥቶ ተሸከመው።

"ወዴት ልትሄድ ነው? በጠራራ ፀሐይ!"

"ወደ ሜዳው ነዋ።"

"ኧረ ተው ልጄ! ማን ዋስ ይሆንሃል?"

"እንጃ፣ እትዬ። መጀመሪያ ከጋሽ ፋንታ አጠገብ ልቀመጥ።"

በስልክ ቤቱ ጀርባ የሚያልፈውን አቋራጭ ትቶ ሰው ሁሉ በሚያየው በገበያው መንገድ ወጣ።